የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሥልጠና፦ የትምህርቱ መንገድ፣ የመስክ ልምምዱና ወጪው

(በእርዳታና በመልሶ ማቋቋም ሥራ ለተሠማሩ ሠራተኞችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

በአንድ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ሰልፍ ላይ የቆመች አንዲት እናት ትታሰብ። በእጇ የያዘችው ካርድ የቤተሰቡን ብዛት አራት ይላል። መዝጋቢው ስሟን ይጠራል፤ ካርዱን ያያል፤ ለአንድ ሰው በወር የተመደበው 15 ኪሎ ግራም እህል በአራት ተባዝቶ 60 ኪሎ ግራም ይሰፈርላታል። ሒሳቡ ትክክል ነው። መዝገቡም ሲመረመር ጉድለት አይገኝበትም።

ይሁን እንጂ ከልጆቹ አንዱ የእርሷ አይደለም። ከቀዬዋ ተሰድዳ ስትመጣ በመንገድ ላይ ብቻውን ያገኘችው፣ የአባቱን ስም እንጂ የአገሩን ስም በቅጡ የማያውቅ ሕፃን ነው። መዝጋቢው ይህን አልጠየቀም፤ እንዲጠይቅም አልተማረም። እርሷም ካርዱ ይቀነስብኛል ብላ ስለ ሠጋች አልተናገረችም። ሕፃኑ ዛሬ በልቶ ያድራል። ነገር ግን ማንም ስለ እርሱ ሳይጽፍ ባለፈ በእያንዳንዱ ቀን፣ ወላጆቹ በሕይወት ካሉ የሚገናኙበት ዕድል እየጠበበ ይሄዳል።

ይህን ጥያቄ ሴትዮዋን ሳያስደነግጥ የሚጠይቅ፣ መልሱን የሚመዘግብ፣ መዝግቦም እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሰው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ይባላል። በተለምዶ ሶሻል ወርከር እየተባለ የሚጠራው ባለሙያ ይኸው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው፤ ይህ ሰው በየትኛው የትምህርት መንገድ ይሠለጥናል? የት ይለማመዳል? የሥልጠናውንስ ወጪ ማን ይችላል? ሦስቱ ጥያቄዎች ተለያይተው የቀረቡ ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው አንድ ላይ የተሳሰረ መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

የሥልጠናው አጀማመርና መቋረጥ

በኢትዮጵያ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ የማኅበራዊ አገልግሎት ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመጀመሪያ በዲፕሎማ፣ ቆየት ብሎም በዲግሪ ደረጃ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቷል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ተመድበው እንዲሠሩ የሚያዝዘውን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጀመረ። ከአዲስ አበባ ርቆ የማያውቅ ተማሪ የአገሩን ሕዝብ ኑሮ በዓይኑ ያየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓመት ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ረሀብ በወሎ ሕዝብ ላይ በበረታ ጊዜ ጉዳዩን አደባባይ ካወጡት ወገኖች መካከል የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይገኙበታል። ወደ ሥፍራው ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ማቅረባቸው የሚታወስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ከዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ግጥጥሞሽ ሊሰመርበት ይገባል። አገሪቱ ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሥራ ራሱን የቻለ ኮሚሽን ባቋቋመችበት ዘመን፣ ለዚሁ ሥራ ባለሙያ የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ። ከለውጡ በኋላ ትምህርቱ ከሶሲዮሎጂ ትምህርት ጋር ተቀላቀለ። ከሶሲዮሎጂ የተመረቁ ብዙዎች በየመሥሪያ ቤቱ በቅንነት ማገልገላቸው አይካድም። ኅብረተሰቡን ማጥናትና ከአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ መፍትሔ መፈለግ ግን ዝምድና ያላቸው ሁለት ልዩ ልዩ ሙያዎች ናቸው። ሁለተኛው ሙያ በራሱ ትምህርት ቤት እንደገና መሰጠት የጀመረው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ነው። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ ተባባሪ ነበር። የዶክትሬት ትምህርቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ተከተለ።

ባለሙያ ያልሠለጠነባቸው ዓመታት ምን አስከተሉ

እነዚያ 30 ዓመታት ባዶ ዓመታት አልነበሩም። በመካከላቸው የ1977 ዓ.ም. ድርቅ አለ። በቆረም፣ በባቲና በመቀሌ መጠለያዎች የታየውን መከራ ለዚህ ጉባኤ መዘርዘር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና በጎጃም ክፍለ ሀገር ወደ መተከል ተወሰደ። አንዳንዱ በመደበኛ ሠፈራ ጣቢያ፣ አንዳንዱም በስግሰጋ ከነባሩ ገበሬ ጎን እንዲኖር ተደረገ።

በዚህ ሠፈራ ፈቅደው የሄዱ እንደ ነበሩ ሁሉ ተገድደው የተወሰዱም ነበሩ። ባል ከሚስት፣ ወላጅ ከልጅ ተለያይተው የተጓዙ ቤተሰቦች መኖራቸው፣ ደገኛው ሠፋሪ በማያውቀው ወባ መጎዳቱ፣ እንደ መተከል ጉሙዝ ያሉ ነባር ነዋሪዎችም ሳይመከሩ የሚያርሱበትና የሚያድኑበት መሬት መያዙ በልዩ ልዩ ጥናቶች ተመዝግቧል።

በየጣቢያው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር ማለት አይደለም። በበላይ አካል የተወሰነን ውሳኔ አንድ የመስክ ሠራተኛ ብቻውን አይለውጠውም። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ማን ከማን ጋር እንደ ተሳፈረ፣ የትኛው ሕፃን ያለ ወላጅ እንደ ደረሰ፣ የትኛዋ እናት በየትኛው ጣቢያ እንደ ቀረች የሚመዘግብ የሠለጠነ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ቤተሰብ ፍለጋው ዓመታት ባልፈጀ ነበር። መዝገብ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም፤ መዝገብ ከሌለ ግን ፍለጋ የሚጀመርበት ሥፍራ የለም።

ከዚያ በኋላም ሠፈራ ቆሞ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በየክልሉ ውስጥ ለማሥፈር የታቀደ ነበር። በዚህ ጊዜ መመሪያው ሠፈራው በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ ሠፋሪውም በቀድሞ ቀዬው ያለውን የመሬት መጠቀሚያ መብት ለሦስት ዓመት እንዲይዝ ደንግጎ ነበር። ይህ ካለፈው ስሕተት የተገኘ ትምህርት ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለ መብት ለሠፋሪው የሚጠቅመው ሲያውቀው ብቻ ነው። ሦስቱ ዓመት ከማለቁ በፊት ልመለስ ወይስ ልቅር ብሎ ለሚያመነታ አባወራ፣ ባሏ ሲሄድ በቀዬዋ ለቀረች ሚስት፣ መብቱን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ይህ የእህል አዳይ ሥራ አይደለም፤ የሾፌርም ሥራ አይደለም። ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የትምህርቱ መንገድ

ወደዚህ ሙያ የሚያስገቡ በሮች በአሁኑ ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው በር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚገባበት ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ መስክ የብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርቶች ያሳልፋል፤ ከዚያም የትምህርት ክፍል ይመርጣል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሌላ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ሙያ ከሚያስተምሩት መካከል ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ሲጠናቀቅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ምሩቃን የወጣው የመውጫ ፈተና ይጠብቃል።

ይህ በር ጠባብ መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ለቀሩት የተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት የተወሰኑትን አስገብቷል። በድርቅ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ለወራት የተዘጋባቸው፣ ውኃ ፍለጋ ከቤተሰባቸው ጋር የተሰደዱ ልጆች በዚህ ውድድር ወደ ኋላ መቅረታቸው ግልጽ ነው። ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት ልጆች ችግሩን ለማቃለል የሚያስችለውን ትምህርት ለማግኘት ከማንም በላይ ይቸገራሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው በር በሥራ ላይ ላሉት የተከፈተ ነው። በሌላ የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው መምህር፣ ነርስ ወይም የልማት ሠራተኛ የየዩኒቨርሲቲውን መመዘኛና የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ካለፈ በማስተርስ ደረጃ ወደ ሙያው ሊሸጋገር ይችላል። ለረጅም ዓመታት በእርዳታ ሥራ ላይ የቆየ ሠራተኛ በክፍል ውስጥ ካለው ወጣት የበለጠ ያየው ብዙ ነው፤ ትምህርቱ ያየውን እንዲረዳና እንዲያደራጅ ያግዘዋል።

ሦስተኛው በር እስከ አሁን በሚፈለገው መጠን ያልተከፈተው ነው። ይኸውም ዲግሪ ለሌለው፣ ነገር ግን በቀበሌው ውስጥ ዘወትር ከሕዝቡ ጋር ለሚውለው ሰው የሚሆን በር ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መርጦ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በመንግሥት ደመወዝ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መድቧል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች በዚህ መንገድ ተሠማርተዋል። የተመረጡት ከሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል ነው፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ቤቱን ያውቃሉ። ለማኅበራዊ አገልግሎትም ተመሳሳይ ረዳት ሠራተኞች ቢሠለጥኑ፣ ከእነርሱም መካከል ብቃት ያሳዩት ወደ ዲግሪ የሚያድጉበት መሰላል ቢዘረጋ፣ በእህል ማከፋፈያው ሰልፍ ላይ ያለው ሕፃን የሚጠይቀው ሰው በቅርቡ ያገኛል።

የሦስትና የአምስት ቀን አጭር ሥልጠና ከእነዚህ በሮች እንደ አንዱ ሊቆጠር አይገባውም። አጭር ሥልጠና የሚያውቀውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ የማያውቀውን ባለሙያ አያደርገውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው በከንቱ አይደለም።

የመስክ ልምምድ

የዚህ ሙያ ትምህርት ግማሹ ከክፍል ውጭ ነው። ሐኪም በሽተኛ ሳያይ ሐኪም እንደማይሆን ሁሉ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛም ልምድ ባለው ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ከእውነተኛ ችግር ጋር ሳይገናኝ ሙያውን አይጨብጥም። በአሜሪካ የትምህርቱን ደረጃ የሚያጸድቀው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400 ሰዓት፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል።

በኢትዮጵያ ተማሪ የሚለማመድባቸው ሥፍራዎች ብዙ ናቸው፤ የወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ፍርድ ቤት፣ የተፈናቃዮች መጠለያ፣ የሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚካሄድበት ቀበሌ ሁሉ ለትምህርቱ ይበጃሉ።

የሴፍቲኔቱን ሥራ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችለው ተረጂ በወር ለአንድ የቤተሰብ አባል አምስት ቀን ያህል በማኅበረሰብ ሥራ ላይ እንዲውል፣ ጉልበት የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኝ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከድንጋይ ማጋዝና ከእርከን ሥራ ተለይታ ለጊዜው ወደ ቀጥተኛ ድጋፍ መዛወር አለባት። ደንቡ ይህ ነው። ነገር ግን ማርገዟን ለቡድን መሪው ለመናገር የምታፍር ወጣት ሴት ድንጋይ ስትሸከም ትውላለች። በዚያ ቀበሌ ለልምምድ የተመደበች ተማሪ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ስትዞር ይህን ታገኘዋለች። ሴቲቱን ታነጋግራለች፤ ጉዳዩን ምሥጢር ጠብቃ ለሚመለከተው ታቀርባለች፤ ዝውውሩ መፈጸሙንም ተመልሳ ታረጋግጣለች። ከመጽሐፍ ያነበበችው ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ሆኖም ልምምድ ሁሉ ልምምድ አይደለም። በብዙ ቦታ የተመደበው ተማሪ ፋይል ሲያስተካክል፣ ደብዳቤ ሲያመላልስና ሻይ ሲጠጣ ወራቱ ያልቅበታል። ስለዚህ ተማሪዎችም ሆኑ ተቀባይ መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉትን ነጥቦች አስቀድመው ቢያረጋግጡ ይጠቅማል፦

አንደኛ፣ በትምህርት ቤቱና በተቀባዩ መሥሪያ ቤት መካከል የተማሪውን ተግባር የሚዘረዝር የጽሑፍ ስምምነት ይኑር።

ሁለተኛ፣ ተማሪውን የሚቆጣጠር አንድ ባለሙያ በስም ተለይቶ ይመደብ። ጽሕፈት ቤቱ በሞላ ይቆጣጠረዋል ማለት ማንም አይቆጣጠረውም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪውና ተማሪው በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ስለ ተሠራው ሥራ ይነጋገሩ። ተማሪው ያየውንና ያደረገውን በየቀኑ በማስታወሻ ደብተር ይመዝግብ።

አራተኛ፣ ተማሪው የሚከታተላቸው ጉዳዮች ቁጥር ጥቂት ይሁን፤ ልምምዱ ሲያበቃም ጉዳዮቹ ለማን እንደሚተላለፉ አስቀድሞ ይወሰን። ተስፋ ሰጥቶ መጥፋት ለተቸገረ ሰው ሌላ ችግር ነው።

ወጪው

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደ ከባዱ ጥያቄ ይደረሳል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ፕሮግራም የሚማር ተማሪ ወጪውን የሚሸፍንበት ሥርዓት በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ የተመሠረተ ነው። በዚህ ሥርዓት ተማሪው ሲገባ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቀነሰ ይከፍላል፤ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ቢያንስ ከመቶ አሥር ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ በር ስለ ከፈተና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚህ የመጀመሪያው ስለ ሆነ፣ አመልካች ሁሉ ከመመዝገቡ በፊት የመረጠውን ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር የክፍያውን ሁኔታ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

በማታና በሳምንቱ መጨረሻ የሚማር ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ሲሸፍንለት ደግሞ ተመልሶ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል ይገባል። ውሉን ከመፈረሙ በፊት የአገልግሎቱን ዘመን ርዝመት፣ የሚመደብበትን ቦታና ውሉ ሲፈርስ የሚከፍለውን ገንዘብ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባዋል።

በእነዚህ መንገዶች ሁሉ የሚዘነጋ አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም የመስክ ልምምድ ወጪ ነው። ከጎንደር ወደ ሩቅ ወረዳ የሚሄድ ተማሪ የአውቶቡስ ያስፈልገዋል፤ ቤት መከራየት ያስፈልገዋል፤ ከዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ርቆ መብላት ያስፈልገዋል። ይህ ወጪ ሳይሸፈን ሲቀር ውጤቱ የታወቀ ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ በፈለገው ቦታ ይለማመዳል፤ የድሃው ልጅ ዘመድ ያለበትን ከተማ ይመርጣል። ተለማማጆች በየከተማው ሲከማቹ ሠፈራ ጣቢያውና ድርቅ ያጠቃው ወረዳ ተማሪ ሳያዩ ዓመታት ያልፋሉ። ተማሪው ያልተለማመደበትን ቦታ ደግሞ ተመርቆም አይመርጠውም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሙያ ተማሪዎች የሚሰጠው ልዩ ድጎማ ወደ ልምምድ ቦታ ለመጓዝ የሚወጣውን ወጪ የሚያግዝ ገንዘብን ይጨምራል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ለዚህ ሙያ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠት ጀመረ፤ ዕድሉን ያገኘውም ለተማረበት ዓመት ልክ በመንግሥት ሥራ እንዲያገለግል ውል አስገባ። ብዙ ወጣቶች በዚህ ተምረዋል። ነገር ግን የሥራ መደቡና በጀቱ ከምሩቃኑ ቁጥር ጋር አብሮ ስላላደገ በሺህ የሚቆጠሩ ምሩቃን ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለትምህርቱ ብቻ ከፍሎ ለልምምዱና ለሥራ መደቡ አለመክፈል ዘር ዘርቶ አጨዳውን እንደ መተው ይቆጠራል።

በኢትዮጵያም የሚጀመርበት ነገር አለ። የወጪ መጋራቱ ሥርዓት በመምህርነት የሚሠማሩ ምሩቃን ዕዳቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍሉ መንገድ ከፍቶ ነበር። ድርቅ ባጠቃው ወይም ሠፋሪዎችና ተፈናቃዮች በሚገኙበት ወረዳ ለማገልገል ለሚወስን የማኅበራዊ አገልግሎት ምሩቅም ይኸው መብት ቢሰጠው፣ መንግሥት አዲስ ገንዘብ ከካዝናው ሳያወጣ ሰው ወደማይሄድበት ቦታ ሰው ይልካል። ሁለተኛ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ለእህል ማጓጓዣ ከሚመድቡት ገንዘብ ጥቂቱን ለተለማማጆች መጓጓዣና መጠለያ ቢያውሉት፣ ተማሪው ይማራል፤ ድርጅቱም የሚጠይቅና የሚመዘግብ ሰው ያገኛል። ሦስተኛ፣ በየወረዳው የሥራ መደቡ በግልጽ ስሙ ተጽፎና ደመወዙ ተወስኖ ይከፈት፤ መደቡም ለሌላ ሥራ የተቀጠረ ሠራተኛ በተደራቢ የሚይዘው አይሁን።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮች፤

በመጀመሪያ ላይ ሦስቱ ጥያቄዎች የተሳሰሩ መሆናቸው ተነግሮ ነበር። ማሠሪያቸው የመስክ ልምምድ ነው። የትምህርቱ መንገድ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ተማሪው ችግሩ ባለበት ቦታ ካልተለማመደ ባለሙያ አይሆንም። ልምምዱ ደግሞ ወጪው ካልተሸፈነ ችግሩ ባለበት ቦታ አይካሄድም። ስለዚህ ለዚህ ሙያ ሥልጠና ገንዘብ የሚመድብ አካል ሁሉ ገንዘቡ ተማሪውን እስከ መስክ ድረስ እንዲከተለው ማድረግ ይኖርበታል።

ድርቅ ቀን ቆርጦ አይመጣም፤ ምልክቶቹ ግን ቀድመው ይታያሉ። እህል በመጋዘን ይጠራቀማል፤ መኪናም ይዘጋጃል። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ግን እንደ እህል ከውጭ አገር በመርከብ ተጭኖ በሦስት ወር ውስጥ አይደርስም። አንድን ባለሙያ ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል፤ ሥልጠናው ከተቋረጠም የተቋረጠበትን ዘመን ያህል መዘዝ ይከተላል። የ1977 ዓ.ም. መዝገብ ይህን ይመሰክራል።

ዛሬ በ12ኛ ክፍል ላይ ያለ ተማሪ ትምህርቱን በወጉ ቢቀጥል ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በአንድ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ሊቆም ይችላል። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት ካርዷን ይዛ ስትቀርብ፣ እህሉ ከተሰፈረላት በኋላ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይህ ልጅ ከየት መጣ? ካርድዎ አይነካም፤ ቤተሰቡን እንድንፈልግለት ነው» የሚላት ሰው ታገኛለች። የዚህ ሁሉ ትምህርት፣ ልምምድና ወጪ ግቡ ይህች አንዲት ጥያቄ በጊዜዋ እንድትጠየቅ ማድረግ ነው።